ፍሬምወርክ ከመምረጣችሁ በፊት ቱሉ ዲምቱ ላይ ክፈቱት

አዲስ ዌብ አፕ ልትጀምሩ ነው? ከፍሬምወርኮች (አፑ የሚሠራባቸው ዝግጁ የኮድ መሠረቶች) ሪአክት ይሻላል፣ ቩ ይሻላል እያላችሁ ከመከራከራችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ።

እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ማታ ማታ ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል። ቦሌ፣ ቢሮ ውስጥ፣ በዋይፋይ እንደ መብረቅ የሚከፈተው ገጽ እዚህ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሰበቡ ብዙ ጊዜ ጃቫስክሪፕቱ፣ ማለትም ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ ነው። ወርዶ ብቻ አያበቃም፤ ርካሹ ስልክ ደግሞ አንብቦ ማስኬድ አለበት። (ባለ 3 ሜጋባይት ፎቶ ከጫናችሁበትማ የትኛውም ፍሬምወርክ አያድናችሁም።)

ስለዚህ አንዲት ትንሽ ገጽ፣ ለምሳሌ የመመዝገቢያ ፎርም፣ በሁለት ፍሬምወርክ ሥሩ። ከዚያ ቢልድ አድርጉ፤ ማለትም ኮዱን ጨምቃችሁ ለተጠቃሚ በሚደርስበት መልክ አዘጋጁ። ይቺን አትዝለሏት፤ በዴቭ ሰርቨር (እየሠራችሁ በምትሞክሩበት) የሚመጣው ኮድ ያልተጨመቀ ስለሆነ ያሳስታችኋል። ክሮም ላይ ኤፍ12 ተጭናችሁ ኔትወርክ የሚለው ውስጥ ግቡ። ፍጥነቱን ወደ 3ጂ አውርዱ፣ ካሹን (ብሮውዘሩ ቀድሞ ያስቀመጠውን ቅጂ) አጥፉና ገጹን ክፈቱት። የወረደውን ኪሎባይት ከታች ያሳያችኋል።

ስቬልት የሚባለው ፍሬምወርክ በትንሽ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል፤ አብዛኛውን ሥራ ቢልድ ሲደረግ ስለሚጨርስ። አፑ ሲያድግ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል። ሪአክት ከ2013 ጀምሮ ስላለ የሚያውቀው ሰውም ላይብረሪም (ሌሎች የሠሩት ዝግጁ ኮድ) አታጡም። ነገ ሥራውን የሚረከባችሁ ልጅ የሚያውቀው እሱን ከሆነ፣ ለሃያ ሠላሳ ኪሎባይት መጨቃጨቅ አያዋጣም።

አንጉላር? ለትልቅ ቡድን ጥሩ ነው። ለሰፈር ሱቅ ገጽ ግን እኔ አልጀምረውም።