ኢንተርኔት ሲጠፋ በቴሌብር ለመክፈል

ጎንደር አራዳ ገበያ በርበሬ ገዝቼ ልከፍል ስል ዳታው ቀጥ አለ። ጥሬ ብር አልያዝኩም። ሻጯ እናት «ልጄ፣ በ*127# ሞክሪዋ» አሉኝ። ደወልኩ፣ ምርጫውን ተከትዬ የሚስጥር ቁጥሬን አስገባሁ፣ ተከፈለ።

መተግበሪያው ኢንተርኔት ይፈልጋል። *127# ግን የስልክ ኔትወርክ ካለ ይበቃዋል፤ ባለ ቁልፍ ስልክም ላይ ይሰራል። በተለይ ጥር 10 እና 11 ለከተራና ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ የምትመጡ፣ ሕዝቡ ሲበዛ ዳታው ሊንቀራፈፍ ስለሚችል ቁጥሯን ያዟት።

አደራ፣ ከመላካችሁ በፊት የተቀባዩን ስልክ ቁጥር ደግማችሁ እዩት። አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ብሩ ሌላ ሰው ጋ ሊሄድ ይችላል፤ ማስመለሱ ልብ ያደርቃል። በግርግር መሃል የሚስጥር ቁጥራችሁን ስትነኩ ደግሞ ስክሪኑን በእጃችሁ ከለል አድርጉት።