ከብት ግዙ፣ መሬት ግን አትግዙ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ገጠር ለወጣችሁ

ከሪያድ፣ ከቤይሩት፣ ከዱባይ ወደ ደሴ ዙሪያ፣ ወደ ቃሉ፣ ወደ ተሁለደሬ ገንዘብ የምትልኩ ወገኖቼ፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። አብዛኞቻችሁ የሰው ቤት ጠርጋችሁ፣ የሰው ልጅ አሳድጋችሁ ያገኛችሁት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልንገራችሁ። የእርሻ መሬት አይገዛም፣ አይሸጥም። "ጥሩ መሬት ተገኝቷል፣ ቶሎ ላኩ" የሚል ስልክ ከመጣ፣ ደዋዩ ወንድማችሁ ቢሆንም ገንዘቡን አትላኩ።

ይህ የአንድ ቀበሌ ሊቀመንበር ውሳኔ አይደለም። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም በአዋጅ የሕዝብ ሆኗል። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት ነው ይላል። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ማከራየት ይችላል፣ ማውረስ ይችላል፣ ሕጉ ለሚፈቅድለት ሰው በስጦታ ማስተላለፍ ይችላል። ያፈራውን ባሕር ዛፍና የሠራውን ቤት መሸጥም መብቱ ነው። አፈሩን ግን መሸጥ አይችልም።

ሽያጩ ግን ሌላ ስም እየያዘ ይመጣል። አንዱ በስጦታ ውል ይሸፍነዋል። ሌላው በወለድ አገድ ያደርገዋል፦ እናንተ ብር ታበድራላችሁ፣ ብሩ እስኪመለስ መሬቱ በእጃችሁ ይቆያል። "መቼም አይመልሰውም፣ የእናንተው ነው" ይሏችኋል። ከዓመታት በኋላ ልጆቹ ያድጉና ብሩን ቆጥረው መሬታችንን ይላሉ። ያን ጊዜ የሚመለስላችሁ ድሮ የሰጣችሁት ብር ነው፤ የብር አቅም ደግሞ ምን ያህል እንደወረደ እናንተው በምንዛሪው ታውቁታላችሁ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በደሴና በኮምቦልቻ ዳርቻ ከገበሬ ላይ ተቆርጦ የሚሸጠው ቦታ ነው። የጨረቃ ቤት የሚሠራበት ማለት ነው። ከተማው ሲሰፋና ቦታው ሲፈለግ ቤቱ ይፈርሳል፣ ለሕገወጥ ግንባታም ካሳ የለም። ሻጩ ለእርሻ ይዞታው ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። እናንተ የምትጠይቁበት ወረቀት የላችሁም።

መሬት ከፈለጋችሁ በሕጋዊ መንገድ ተከራዩ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ዘመኑ፣ የኪራዩ መጠንና የመሬቱ አዋሳኞች ይጻፉበት። አዋሳኝ ሲባል በምሥራቅ የእገሌ ማሳ፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በሰሜን መንገድ እየተባለ በአራቱም አቅጣጫ ነው። ባልና ሚስት በመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ አብረው ካሉ ሁለቱም ይፈርሙ። የሚስትየው ፊርማ የሌለበት ውል ነገ ክስ ይዞ ይመጣል። ከዚያ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። በሽማግሌ ፊት ብቻ የተደረገ ውል በመንደር ይከበር ይሆናል፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን መዝገቡ ነው የሚጠየቀው።

የራሳችሁ መሬት ያላችሁ ደግሞ አላችሁ። በተለይ ሴቶቹ፣ ከአባታችሁ የደረሳችሁን ወይም በትዳር ስማችሁ የገባበትን መሬት ትታችሁ ነው የወጣችሁት። ይህ መሬት ዝም ተብሎ አይተውም። ባለይዞታው ከአካባቢው ርቆ፣ ሳያከራይና ወኪል ሳያስቀምጥ ለዓመታት ከጠፋ መብቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በስማችሁ አከራዩት ወይም ለእኩል አራሽ፣ አርሶ ምርቱን ለሚያካፍላችሁ ሰው፣ ስጡት፤ ይህም በውል ይሁን። የደብተሩን እያንዳንዱን ገጽ፣ ፎቶው ያለበትንም ጨምሮ፣ በስልክ አስነስታችሁ እናንተ ዘንድ አስቀምጡ። በ2014 ዓ.ም ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንደደረሰባቸው ታስታውሳላችሁ። መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል። ፋይላችሁ በወረዳው መዝገብ ቤት መኖሩን ሰው ልካችሁ አረጋግጡ፤ ከሌለ ደብተሩ በእጃችሁ እያለ ይስተካከል።

አሁን ወደ ከብቱ እንምጣ። ከብት ይሸጣል፣ ይገዛል፣ የእናንተም ሊሆን ይችላል። ገጠር ላለ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ድጋፍ አላውቅም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ለማረስ ከሌላ ሰው ጋር መቀናጀት አለበት፤ ሁለተኛውን ስትገዙለት በራሱ ጊዜ ያርሳል።

ለመግዛት ወቅቱን እዩ። የእርሻ በሬ ክረምቱ ሲቃረብ ይወደዳል፣ ሁሉም ጥማዱን ሊያሟላ ስለሚወጣ። በግና ፍየል በአረፋ፣ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ ይወደዳሉ። በዐቢይ ጾም አጋማሽ የክርስቲያኑ ገበያ ቀዝቀዝ ይላል። ወሎ ላይ ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስለሚገበያይ የሁለቱንም በዓል ቆጥራችሁ ነው የምትወስኑት። በልግ ሲቀር ደግሞ ደጋው ላይ መኖ ይጠፋና ሰው ከብቱን በርካሽ ያወጣል። ርካሽ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። የገዛችሁትም መብላት አለበት፤ የጭዱንና የፉርሽካውን ዋጋ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የገበያው ምርጫም ልዩነት አለው። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት ትልቅ ገበያ ስለሆነ ፍየልና ግመል በብዛት ይወጣል። ለደጋ በግ ግን ደጋው ይሻላል። ከቆላ የመጣ እንስሳ የደሴን ብርድ ሳይለምድ ሊከሳ ይችላል። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዚያው ሳምንት ጠይቁ።

ገዥው ገበያ ሲደርስ በቪዲዮ ይደውልላችሁ። አፉን አስከፍታችሁ ጥርሱን እዩ። ሁለት ቋሚ የፊት ጥርስ ያበቀለ በግ ገና ወጣት ነው፤ ጥርሱ ያለቀ ወይም የተሸረፈ አርጅቷል። ከዚያ ያስኪዱት። የሚያነክስ፣ ከአፍንጫው ፈሳሽ የሚወርድ፣ ጭራው በተቅማጥ የቆሸሸ ከሆነ ይለፍ። ሆዱ ተነፍቶ ጀርባው አጥንት ከሆነ በእጅ ይዳሰስ፣ ምክንያቱም ውኃና ጨው አጠጥቶ ሆድ ሞልቶ ማቅረብ ያለ ነገር ነው። ላም ከሆነች ጥገት ናት መባሉን አትመኑ፤ እዚያው ትታለብ። ደላላው ይቸኩላል፣ እናንተ አትቸኩሉ። ሻጩ በአካባቢው የሚታወቅ ይሁን፣ ዋስም ይጥራ፤ የተሰረቀ ከብት ከሆነ ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋልና። የገበያው ደረሰኝ ይቀመጥ።

ብሩን በባንክ፣ ገበያው በሚውልበት ሰሞን ላኩ። ወራት ቀድሞ የደረሰ ብር ለሠርግ ወይም ለሕክምና ይወጣል፤ ቤተሰባችሁ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ችግር ስላለ።

ከተገዛ በኋላ ያለው ነው ብዙ ሰው የሚያጣላው። ላሟን ለአጎት ልጅ በርቢ ስትሰጡ "አብሽሩ፣ እኛ እንተሳሰባለን" ይባላል። በቅን ልብ ነው። ሆኖም እነዚህን በጽሑፍ አስፍሩ፦ የሚወለደው ጥጃ እንዴት ይካፈላል፣ ወተቱ የማን ነው፣ የመኖና የክትባት ወጪ ማን ይከፍላል፣ ከብቷ ብትሞት ኪሳራው የማን ነው። ከብትም በሽታ አለበት፤ አባ ሰንጋና አባ ጎርባ በአንድ ቀን ይገድላሉ። ቀበሌው ክትባት ሲያወጣ ከብቷን ማስከተብ ውሉ ላይ ግዴታ ይሁን። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ቆዳው አይገፈፍም፣ ሥጋውም አይበላም፤ ሰው ይገድላልና ይህን ለቤተሰባችሁ ደጋግማችሁ ንገሩ።

በመጨረሻም ውክልናውን። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ስትሰጡ "ጠቅላላ ውክልና" ብላችሁ አትፈርሙ። ወኪሉ የሚሠራውን አንድ በአንድ ይጻፍ፦ መሬቴን ለማከራየት፣ ኪራይ ለመቀበል፣ ከብት ለመግዛት። ለመሸጥ የምትፈልጉ ካልሆነ መሸጥ የሚል ቃል አይግባ። ሰነዱ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ነው ወደ ወረዳው የሚሄደው። ከወኪሉ ጋር ከተጣላችሁ ውክልናውን በጽሑፍ ሻሩ፣ መሻሩንም ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ አሳውቁ። በስልክ "ከዛሬ ጀምሮ ወኪሌ አይደለህም" ማለት አይበቃም፤ የተፈረመው ወረቀት አሁንም በእጁ ነው።