በቤተሰብዎ የልብ ሕመም ካለ፦ በአዲሱ አገር ለሐኪም የሚነግሩትና የሚጠይቁት

በአዲሱ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ክሊኒክ ሲመዘገቡ ከሚሞሉት ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ ከወላጆችዎ ወይም ከእኅት ወንድሞችዎ መካከል በልብ ሕመም የታመመ ወይም የሞተ አለ ወይ የሚል ነው። ብዙዎቻችን ነገሩን በቅጡ ስለማናውቀው «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አድርገን እናልፋለን። ለሐኪሙ ግን «የለም» እና «አላውቅም» አንድ አይደሉም፤ ምርመራው ምን ያህል ቀደም ብሎ እንደሚጀመርና መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ የሚወሰነው በከፊል በዚህ መልስ ነውና።

ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት አገር ቤት ደውለው ታላላቆችዎን ይጠይቁ። «በምን ሞቱ?» ብቻ ካሉ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ድንገት ነው» ከሚል አያልፍም። ይልቁንም ዕድሜያቸው ስንት ነበር፣ ደረታቸውን ጨምድዶ ይዟቸው ወይም አልቧቸው ነበር ወይ፣ ግፊት ወይም ስኳር ነበረባቸው ወይ፣ ያጨሱ ነበር ወይ እያሉ አንድ በአንድ ይጠይቁ። ከሁሉም ዕድሜው ወሳኝ ነው፤ ሕመሙ አባትን ወይም ወንድምን ከ55 ዓመት፣ እናትን ወይም እኅትን ከ65 ዓመት በፊት ከያዘ ሐኪሞች የእርስዎን ተጋላጭነት ከፍ አድርገው ያዩታል። በ80 ዓመታቸው ያረፉ አያት ያን ያህል አያሳስቡም። በልጅነት ቶንሲል ሳቢያ የልብ በራቸው ተጎድቶ በወጣትነታቸው የታመሙ ዘመዶችም በአገራችን ጥቂት አይደሉም፤ ይህ ከደም ቧንቧ መዘጋት የተለየ ሕመም ስለሆነ የሰሙትን ለይተው ይናገሩ። ቋንቋው ከከበደዎ ቀጠሮ ሲይዙ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ልጅዎን አስተርጓሚ ማድረግ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ደግ አይደለም።

በተለምዶ ሃርት አታክ የምንለው ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚነሣው ለልብ ጡንቻ ደም በሚያደርሱ ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተጠራቀመው ስብ ሲሰነጠቅና በላዩ ላይ ደም ሲረጋ ነው። የረጋው ደም ቧንቧውን ሲዘጋው ከዚያ ወዲያ ያለው ጡንቻ ኦክስጅን አጥቶ መሞት ይጀምራል። ከቤተሰብ የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ ሕመሙ ራሱ አይደለም፤ ማጨስ፣ የደም ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ሲታከሉበት ግን አደጋው ይበረታል። ከ250 ሰዎች በግምት አንዱ ከልደቱ ጀምሮ ኮሌስትሮሉን ከፍ የሚያደርግ ዘር ይወርሳል፤ ከወላጆች አንዱ ይህ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

ግፊትም ኮሌስትሮልም አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስሜት ስለሌላቸው «ደህና ነኝ» ብሎ መቆየት አያዋጣም። ግፊትዎን፣ ስኳርዎንና ኮሌስትሮልዎን ያስለኩ፤ ሊፖፕሮቲን ኤ የተባለውን፣ መጠኑ በአብዛኛው በዘር የሚወሰነውን በደም ውስጥ ያለ የስብ ዓይነትም በዕድሜ አንድ ጊዜ ማስለካት ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። ኤልዲኤል የተባለው፣ በቧንቧ ግድግዳ ላይ የሚጠራቀመው መጥፎ ኮሌስትሮል በዴሲሊትር 190 ሚሊግራም፣ በሌሎች አገሮች አለካክ ደግሞ በሊትር 4.9 ሚሊሞል ከደረሰ የዘር ጉዳይ መሆኑ ይጠረጠራል። ስታቲን የተባለው ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒት ከታዘዘልዎ፣ ምንም ስላልተሰማዎ ብቻ አያቋርጡት። ሲጋራን መተው ከሁሉም ይበልጣል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃም ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ቀላል ባይሆንም ከፋፍሎ ሊሟላ ይችላል።

ደረት ላይ የሚጫን ወይም የሚጨመድድ ሕመም፣ ወደ ክንድ፣ መንጋጋ ወይም ጀርባ የሚዘልቅ ስሜት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር ከታየ አይጠብቁ። በሴቶችና በስኳር ሕሙማን ላይ የደረት ሕመሙ ደብዛዛ ሊሆን ወይም ጭራሽ ላይኖር ይችላል። በአሜሪካና በካናዳ 911፣ በብሪታኒያ 999፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በአውስትራሊያ 000 ይደውሉ፤ አድራሻዎን አስቀድመው ይናገሩ። የአምቡላንስ ሒሳብ ፈርቶ ወይም ጎረቤት ላለማስቸገር ራስዎ መኪና እየነዱ መሄድ እጅግ አደገኛ ነው፤ የአምቡላንስ ሠራተኞች መንገድ ላይ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) ያነሣሉ፣ ልብ ቢቆምም ማስነሻ መሣሪያ ይዘዋል። አስፒሪን ማኘክ የሚገባው አለርጂ ወይም የመድማት ችግር ከሌለ፣ ስልኩን ያነሣው ባለሙያም ካዘዘ ነው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ኢሲጂ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንዲነሣ ይጠበቃል፤ ትሮፖኒን የተባለው የደም ምርመራ ደግሞ ጡንቻው መጎዳቱን ያሳያል። ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ከሆነ ሐኪሞች በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው ይከፍቱትና ተከፍቶ እንዲቆይ ስቴንት የተባለ ትንሽ የሽቦ መደገፊያ ያስቀምጡበታል፤ ይህ በቶሎ የማይገኝበት ቦታ ላይ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ይሰጣል። ስቴንት ከገባ በኋላ የሚታዘዙትን ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቋረጥ ስቴንቱን ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ አገር ቤት ለመሄድ ካሰቡ ለቆይታዎ የሚበቃ መድኃኒት አስቀድመው ያስጽፉ። የዘር ኮሌስትሮል ከተገኘብዎ ደግሞ ውጤቱን አገር ቤት ላሉት እኅት ወንድሞችዎ ያሳውቁ፤ እነርሱም ልጆችዎም መመርመር አለባቸው።