የፀረ ተባይ ጀሪካን «ባዶ» የሚባለው መቼ ነው?

ሸዋሮቢት ሽንኩርት ላይ፣ ምንጃር ጤፍ ላይ መድኃኒት ተረጭቶ ሲያልቅ ጀሪካኑ ይተርፋል። ጠንካራ ስለሆነ መጣሉ ያሳሳል። «ባዶ ነው እኮ» ይባልና ውሃ ይቀዳበታል። ባዶ አይደለም!

የአሜሪካ ሕግ እዚህ ላይ ጥሩ ትምህርት አለው። በጣም መርዛማ የሚባል ኬሚካል የነበረበት ዕቃ ከአደገኛ ቆሻሻነት የሚወጣው በተገቢው ፈሳሽ ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ወይም እኩል በሚያጸዳ ሌላ ዘዴ ሲጸዳ ነው። ገበሬም የተረፈ መድኃኒቱን ሲያስወግድ ከአደገኛ ቆሻሻ ግዴታዎች ነፃ ይሆናል፤ ግን ዕቃውን ሦስቴ አጥቦ፣ ቀሪውን መለያው ላይ በተጻፈው መሠረት በራሱ እርሻ ላይ ካስወገደ ነው። እጥበቱ ከሌለ ነፃ መሆንም የለም። ይህ የእነሱ ሕግ ነው፤ እኛ ጋ ፀረ ተባይ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 674/2002 ነው። አጣጠቡ ግን የትም ያው ነው።

እጥበቱ የሚጀመረው እዚያው ማሳ ላይ፣ መድኃኒቱ እንዳለቀ ነው። ከደረቀ አይለቅም። ጓንትና ቦቲ አድርጉ። የመርጫውን ታንክ እስከ አፉ አትሙሉት፤ ለእጣቢው ቦታ ይኑረው።

ጀሪካኑን መርጫው ላይ ዘቅዝቁት። ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ቢያንስ 10 ሰከንድ ጠብቁ። ከዚያ ሩቡን ያህል ንጹሕ ውሃ ጨምሩበት፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉ፣ 10 ሰከንድ በደንብ ናጡት። የክዳኑ ጥርስ ውስጥ መድኃኒት ስለሚቀር ገልበጥ እያደረጋችሁ ናጡ። እጣቢውን መርጫው ውስጥ ገልብጡና እንደገና አንጠፍጥፉ። ይህንኑ ሁለት ጊዜ ድገሙት። እጣቢው ከመድኃኒቱ ጋር እዚያው ሰብል ላይ ይረጫል፤ የከፈላችሁበት ገንዘብም አይባክንም። ሮቢ ወንዝ ወርዶ ማጠብ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ከታች የሚጠጣ ሰውና ከብት አለ።

የወረቀት ከረጢት አይታጠብም፤ አራግፋችሁ ለብቻው አስቀምጡት።

አሁን ጀሪካኑን ቂጡ ላይ በሚስማር ብሱት። መለያውን አትንኩት፤ ምን እንደነበረበት መታወቅ አለበት። ሦስቴ ታጥቦም ቢሆን ውሃም ዘይትም አይያዝበትም፤ ፕላስቲኩ ራሱ ኬሚካል መጥጦ ይይዝና ቀስ እያለ ይለቃል። መብሳት ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ የተበሳ ጀሪካን ገበያ አይወጣም፣ ማንም አይቀዳበትም። ማቃጠልም አይገባም፤ ጭሱ መርዝ ነው። ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ቆልፋችሁ አቆዩትና የት እንደሚሰበሰብ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።