ለልጅ የመጀመሪያው የአጋዘን ጠመንጃ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ሚኒሶታ ወይም ቨርጂኒያ ውስጥ የሚያድግ ልጅ፣ ኖቬምበር በመጣ ቁጥር የክፍል ጓደኞቹ ከአባቶቻቸው ጋር ለአጋዘን አደን ጫካ ሲገቡ እያየ አንድ ቀን «እኔስ?» ማለቱ አይቀርም። አባትየው ወደ ጠመንጃ መደብር የሚሄደው ግን ጫማና ካፖርት ሲገዛ የኖረበትን ልማድ ይዞ ነው፤ «ያድግበታል» ብሎ አንድ ቁጥር ከፍ ያደርጋል። ሰፊ ካፖርት እጅጌው ይታጠፋል፣ ጠመንጃ ግን አይታጠፍም። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ችግሮች አብዛኞቹ የልጁ ስንፍና ይመስላሉ፤ ሲመረመሩ ግን መነሻቸው ይኸው ግዢ ነው። አጋዘን ስል በአገራችን የምናውቀውን ጠምዛዛ ቀንድ ያለውን ሳይሆን፣ እዚህ አሜሪካ በብዛት የሚታደነውን ባለ ነጭ ጅራቱን ማለቴ ነው።

ምልክት፦ ልጁ ምላጩን ሊስብ ሲል ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻው ወደፊት ይገፋል፣ ጥይቱም ከዒላማው ዝቅ ብሎ ያርፋል።

ይህ ከሁሉም የከፋውና ለማስተው ረጅም ጊዜ የሚወስደው ችግር ነው። መንስኤው ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ከሁለት ነገር ይመጣል፣ ከሰደፉ ርግጫና ከድምፁ። መሆኑን ለማረጋገጥ፣ ባሩድም ሆነ ማቀጣጠያ የሌለው የመለማመጃ ጥይት ልጁ ሳያይ ከእውነተኞቹ መካከል ይቀላቀላል። ተራው ደርሶ ጠመንጃው «ቀጭ» ብሎ ሲቀር አፈሙዙ ወደ ታች ከዘለለ፣ ልጁ ርግጫውን ገና ሳይመጣ እየተከላከለው ነው ማለት ነው። ተኩሱ ባይወጣም አፈሙዙ ከዒላማው አቅጣጫ ሊዞር አይገባም፤ አንዳንዴ እውነተኛ ጥይትም ዘግይቶ ይፈነዳልና።

መፍትሔው የሚጀምረው ከካሊበሩ፣ ማለትም ከጥይቱ መጠን ነው። ብዙ አባቶች «አንዴ ገዝቼ ልገላገል» በማለት .30-06 ይመርጣሉ፤ ከ1906 ጀምሮ የተመሰከረለት ጥሩ ጥይት ነው፣ ለ12 ዓመት ልጅ ትከሻ ግን አልተሠራም። በተመሳሳይ ክብደት ጠመንጃ ሲተኮስ ርግጫው .243 ዊንቸስተር የሚባለውን አነስ ያለ ጥይት እጥፍ ያህላል። ይህ .243 በ1955 የወጣው የ.308 ጥይትን ቀለህ አንገት በማጥበብ ሲሆን፣ ለጀማሪ ልጅ እኔ በመጀመሪያ የማስበው እርሱን ነው። ልጁ ጠንከር ያለ ከሆነና ጠመንጃው ለብዙ ዓመት እንዲያገለግል ከተፈለገ፣ በ1980 የወጣው 7ሚሜ-08 ሬሚንግተን ወይም በ2007 የወጣው 6.5 ክሪድሞር መካከለኛ ምርጫ ነው። ርግጫው ትንሽ ነው ተብሎ .223 ከመግዛት በፊት የግዛቱን ሕግ ማየት ያስፈልጋል፦ ሚኒሶታ ይፈቅደዋል፣ ቨርጂኒያ ግን ለአጋዘን ከ.23 ያነሰ ካሊበር አትቀበልም።

ጠመንጃው አስቀድሞ ተገዝቶ ከሆነ ደግሞ፣ ርግጫቸው የተቀነሰ ጥይቶች በየመደብሩ ይገኛሉ። ፍርሃቱ ሥር ከሰደደ ትልቁ ጠመንጃ ለጥቂት ሳምንታት ተቆልፎ ይቀመጥና ልጁ በትንሹ .22 ይለማመድ፤ ወደ ትልቁ ሲመለስም በአንድ ቀን ከ10 ጥይት በላይ አይተኩስ። ጆሮው ውስጥ የሚገባውንና ከላይ የሚደፋውን የጆሮ መከላከያ በአንድነት ያድርግ፤ የጠመንጃ ድምፅ በአንድ ተኩስ ብቻ የመስማት ችሎታን ሊጎዳ ከሚችለው ከ140 ዴሲቤል ያልፋል። በአፈሙዙ ጫፍ የሚገጠመው ርግጫ መቀነሻ ርግጫውን በእርግጥ ያቀልላል፣ ነገር ግን ድምፁን ወደ ተኳሹ ስለሚመልሰው የሚፈራ ልጅን የባሰ ያስደነግጠዋል፤ ለጀማሪ አልመክረውም። ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ መተኮስም ሰውነት ከርግጫው ጋር ወደ ኋላ እንዳይሄድ ስለሚያግደው፣ ቆሞ ከመተኮስ ይልቅ ያማል።

ምልክት፦ አንገቱን ያሰግጋል፣ በጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር ውስጥ ጥቁር ክብ ብቻ ያያል፣ ወይም ቅንድቡን መነጽሩ ይተረትረዋል።

መንስኤው የሰደፉ ርዝመት ነው። የአዋቂ ጠመንጃ ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ወደ 34 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ለልጆች የሚሠራው ከ30 እስከ 32 ይደርሳል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ከተረጋገጠ በኋላ ልጁ ክንዱን አጥፎ የሰደፉን ጫፍ በክርኑ እጥፋት ላይ ያስደግፍ፤ የጣቱ ጫፍ ምላጩ ጋ በምቾት ከደረሰ ልኩ ነው፣ ካልደረሰ ይረዝምበታል። ይህን መለኪያ መደብር ውስጥ በቲሸርት ሆኖ መውሰድ የተለመደ ስህተት ነው። የሚኒሶታ የኖቬምበር ብርድ ወፍራም ካፖርት ያስለብሳል፤ የካፖርቱ ውፍረት ደግሞ ሰደፉን ያን ያህል ያስረዝመዋል። ልጁ ካፖርቱን ለብሶ ይለካ።

መፍትሔው በስስ ማስረዘሚያዎች የሚስተካከል ሰደፍ ያለው የልጆች ሞዴል መግዛት ነው፤ ልጁ ሲያድግ አንድ ማስረዘሚያ ይጨመርበታል። «ያድግበታል» የሚለው ቃል በጠመንጃ ላይ ትርጉም የሚኖረው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ሰደፉ በተቀየረ ቁጥር መነጽሩም አብሮ መንቀሳቀስ አለበት፤ አብዛኞቹ መነጽሮች ከዓይን ከ9 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይፈልጋሉ። ማጉሊያው በዝቅተኛው ቁጥር ላይ ይቆይ፤ በ9 እጥፍ አጉልቶ ዛፍ ለዛፍ ሲፈልግ አጋዘኑ የሄደበት ልጅ ብዙ ነው።

ምልክት፦ አነጣጥሮ ይተኩሳል፣ ጥይቱ ግን ሁልጊዜ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ወይም አንገቱን አጣሞ በሌላው ዓይኑ ለማየት ይታገላል።

ቀኝ እጁን የሚጠቀም ልጅ ሁሉ ቀኝ ዓይኑ ኃይለኛ ነው ማለት አይደለም። ሁለት መዳፎቹን ዘርግቶ በመካከላቸው ትንሽ ቀዳዳ ይሥራና፣ ሁለቱንም ዓይኖቹን ከፍቶ በግድግዳው ላይ ያለ አንድ ነገር በቀዳዳው ይይ፤ ከዚያ ዓይኖቹን በየተራ ይጨፍን። ብቻውን ተከፍቶ ሳለ ነገሩን ሳያጣ የሚያየው ዓይን ኃይለኛው ነው። ግራው ከሆነ ከግራ ትከሻው መተኮስ ይልመድ፤ ጥይት የሚያጎርሰው እጀታም (ቃታው) በግራ በኩል የሆነ ጠመንጃ ይፈለግለት። ይህን ከመግዛት በፊት ማወቅ ምንም አያስወጣም።

ምልክት፦ አፈሙዙ ይንቀጠቀጣል።

ጠመንጃው ከብዶታል። መፍትሔው ግን ላባ የሚያህል ጠመንጃ አይደለም፤ ጠመንጃ በቀለለ ቁጥር ርግጫው ይጨምራልና። አጠር ያለ አፈሙዝና ሦስት እግር ያለው መደገፊያ ይበቃል።

ምልክት፦ ባለፈው ሳምንት መሀል ይመታ የነበረው ጠመንጃ ዛሬ ይስታል።

በመጀመሪያ የመነጽሩ ማሰሪያ ብሎኖች ይፈተሹ፣ ከዚያም የጥይቱ ሳጥን ይታይ። አንድ ጠመንጃ መነጽሩ የተስተካከለበትን ጥይት ትቶ ሌላ ዓይነት ሲጎርስ ወደ ሌላ ቦታ ሊመታ ይችላል። በአደኑ ቀን የሚያዘው ጥይት፣ ጠመንጃው የተስተካከለበት ጥይት መሆን አለበት።

ምልክት፦ አጋዘኑ ተመታ፣ ነገር ግን ቆስሎ ጠፋ።

ይህ የሚያሳዝነው ነው፤ እንስሳው ይሠቃያል፣ ልጁም ሌሊቱን አይተኛም። ሁለት መንስኤዎች አሉት። አንደኛው እርሳሱ፣ ማለትም ከቀለሁ ወጥቶ የሚበረው የጥይቱ ራስ ነው፦ ለ.243 ከሚሸጡት መካከል ከ55 እስከ 58 ግሬይን (የጥይት ክብደት መለኪያ) የሚመዝኑት ለትናንሽ አውሬዎች የተሠሩ ስለሆኑ ትከሻ ላይ ተበታትነው ሊቀሩ ይችላሉ። ሳጥኑ ላይ ለአጋዘን ተብሎ የተጻፈበት፣ ከ95 እስከ 100 ግሬይን የሚመዝን እርሳስ ይመረጥ። ሁለተኛው ርቀቱ ነው። የልብና የሳንባው ቦታ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው የወረቀት ሳህን ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ልጁ በጫካ ውስጥ እንደሚሆነው ተቀምጦ ወይም ተንበርክኮ በዚያ ሳህን ላይ ይለማመድ፤ ጥይቶቹ ሁሉ ሳህኑ ላይ የሚያርፉበት ትልቁ ርቀት የእርሱ ወሰን ነው። ጠመንጃው 300 ሜትር መድረሱ በዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም።

ምልክት፦ ሁሉም ተሟልቶ መደብሩ ወይም የአደን ተቆጣጣሪው ይመልሳችኋል።

ከ1968 ጀምሮ በፌዴራሉ ሕግ መሠረት ፈቃድ ያለው ነጋዴ ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው ጠመንጃ አይሸጥም፤ ገዢው ወላጅ ነው፣ የግዢ ቅጹም በወላጁ ስም ይሞላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ግን በመርሕ ደረጃ ተከልክሏል፣ ምንም እንኳ የአደን ፈቃድ ለያዘ ሰው ልዩ ሁኔታ ቢኖርም። በሚኒሶታ ከዲሴምበር 31 ቀን 1979 በኋላ የተወለደ አዳኝ ሁሉ የጦር መሣሪያ ደኅንነት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፣ ለተለማማጆች የተፈቀደው ጊዜያዊ መንገድ እንደተጠበቀ ሆኖ። ብዙ አባት ልጁን ብቻ ለትምህርቱ ያስመዘግብና፣ እርሱ ራሱ በዚሁ ደንብ ውስጥ መውደቁን የሚያውቀው የአደኑ ዋዜማ ላይ ነው። ስለዚህ አባትና ልጅ በበጋው አብረው ይመዝገቡ፤ እስከዚያው ጠመንጃው በአንድ ቁልፍ፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ፣ ሁለቱም ቁልፎች ከአባትየው ኪስ አይውጡ።