ጠርሙሱ ሲሻገር፦ የሴል ካልቸር ዕቃ ሳይበከል እንዴት ይተላለፋል?

ወሎ ውስጥ ጠላ ሲጠመቅ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጋኑ በግራዋ ይታሻል፤ በወይራ ይታጠናል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ጥንስሱ ሲጨመር ያልታጠበ እጅ ከገባበት ግን ልፋቱ ገደል ገባ። ሴል ካልቸርም እንዲሁ ነው። ከእንስሳ ወይም ከሰው የተወሰደ ሴል ሚዲያ በሚባል የምግብ ፈሳሽ ውስጥ ይባዛል፤ ከዚያ ክትባት ወይም መድኃኒት ይመረትበታል። ችግሩ ሚዲያው ለባክቴሪያም ድግስ መሆኑ ነው። የእንስሳ ሴል እጥፍ ለመሆን አንድ ቀን ገደማ ሲፈጅበት፣ ብዙ ባክቴሪያ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይበቃዋል።

ታሽጎ የተቀመጠ ዕቃ በራሱ አይበከልም። የሚበከለው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲሻገር ነው። ስለዚህ ጥንቃቄያችንን መሻገሪያው ላይ እናድርግ።

1. ደሴ ላይ ኦቶክሌቩን በግፊት ብቻ አትመኑት

ኦቶክሌቭ ዕቃን በታመቀ ትኩስ እንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳ ማሽን ነው፤ ፒኤስአይ ደግሞ የግፊት መስፈሪያ ነው። ብዙ መመሪያ “15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ” ይላል። ይህ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ እንኳ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የውጭው አየር ስስ ስለሆነ፣ ተራው የግፊት መለኪያ 15 ሲያሳይ ውስጡ ያለው እንፋሎት ከ116 እስከ 117 ዲግሪ ቢደርስ ነው። 121 ለመድረስ 19 ፒኤስአይ ገደማ ያስፈልጋል። ማሽኑ ይህን ያህል እንዲሸከም ተሠርቶ እንደሆነ መጀመሪያ አረጋግጡ፤ ካልሆነ ግፊቱን አትጨምሩ፣ ጊዜውን አርዝሙ። የሚታመነው የሙቀት መለኪያው ነው። ቀለም የሚቀይረው ቴፕ ዕቃው ሙቀት እንዳገኘ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ጀርሙ መሞቱን የሚያሳየው ሙቀት የሚችሉ ስፖሮች፣ ማለትም ጠንካራ ሽፋን ለብሰው የተኙ ጀርሞች፣ ያሉበት መፈተሻ ነው።

ፕሮቲን ያለበት ሚዲያ ግን ኦቶክሌቭ ውስጥ አይገባም፤ ይበላሻል። እሱ ቀዳዳው 0.22 ማይክሮን በሆነ ፊልተር ይጣራል፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው።

2. ደራርባችሁ ጠቅልሉ

ከጀርም የጸዳው የጠርሙሱ ውስጥ ነው፤ ውጩ ከመደርደሪያ እንደወረደ ወዲያው ሌላ ታሪክ አለው። ስለዚህ ዕቃው በሁለት ወይም በሦስት ላስቲክ ይታሸግ። ወደ ሥራ ክፍሉ ስትገቡ በር ባለፋችሁ ቁጥር አንዱን ላስቲክ እዚያው ጥላችሁ ግቡ። የመጨረሻው የሚከፈተው ካቢኔቱ፣ ማለትም የተጣራ አየር የሚወርድበት የሥራ ሣጥን፣ አፍ ላይ ነው።

3. ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን ቁልቁለት፣ ስትወርዱ

ደሴ ላይ ባዶ የውሃ ላስቲክ ከድናችሁ ኮምቦልቻ ብታደርሱት ጎኑ ገባ ብሎ ታገኙታላችሁ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከደሴ ይበልጣል። ክዳኑ የላላ የሚዲያ ጠርሙስም መንገድ ላይ ያልተጣራ አየር፣ ከነአቧራው፣ ወደ ውስጥ ይስባል። ከመነሳታችሁ በፊት ክዳኑን አጥብቁ፤ ዙሪያውን ፓራፊልም በሚባለው የሚለጠጥ ስስ ላስቲክ ጠቅልሉ። ስትደርሱ ጠርሙሱ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ። ላብ ያወጣ ጠርሙስ አትክፈቱ።

4. በሩ ላይ መጥረግ

70 በመቶ አልኮል ተጠቀሙ። “96 አይሻልም ወይ?” የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አይሻልም። አልኮሉ የጀርሙን ፕሮቲን ለማበላሸት ውሃ ያስፈልገዋል፤ 96ቱ ደግሞ ሥራውን ሳይጨርስ ይተናል። ረጭቶ ወዲያው ማስገባትም ዋጋ የለውም። ጨርቁን አርሱት፣ ከላይ ወደ ታች በአንድ አቅጣጫ ጥረጉ፣ በእያንዳንዱ ጥርጊያ የጨርቁን ንጹሕ ገጽ አዙሩ። ከዚያ በራሱ ይድረቅ። የክዳኑን ጥርስና የጠርሙሱን ግርጌ አትርሱ።

አልኮል ስፖር አይገድልም። ከካርቶን የወጣ ዕቃ ደግሞ ስፖር አያጣም፤ ካርቶን ራሱ ፈጽሞ ወደ ውስጥ አይገባም። ለስፖር በረኪና 0.5 በመቶ ክሎሪን እንዲሆን በጥብጡና ዕቃው ላይ 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ከዚያ ከጀርም በጸዳ ውሃ ጥረጉት፤ አልኮሉ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። በረኪናና አልኮል በፍጹም አታገናኙ፤ መርዛማ ነገር ይፈጥራሉ።

5. ካቢኔቱ ውስጥ

ካቢኔቱን ከ10 ደቂቃ በፊት አብሩት። ንጹሑ አየር በፊልተር አልፎ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ያ አየር የጠርሙሱን አፍ ሌላ ነገር ሳይነካ ማግኘት አለበት። ስለዚህ እጃችሁ፣ ክዳኑም፣ ፈሳሽ መምጠጫው ፒፔትም ከተከፈተ ጠርሙስ በላይ አይለፍ። ከጎን ሥሩ። ከፊት ያለውን የአየር መሳቢያ ቀዳዳ በወረቀት አትሸፍኑ። እሳት ማንደድ ይቅር፤ የአየሩን ፍሰት ያምሰዋል። በዝግታ ተንቀሳቀሱ። እኔ ለማስተማር ስቀመጥ በጣም የምደጋግመው ይህን ነው፤ የሚቸኩል ሰው አየሩን በክንዱ ይጎትተዋል።

መብራት ቢጠፋስ? ፊልተሩ ቆመ ማለት ነው። ያለውን ሁሉ ወዲያው ክደኑ። መብራቱ ሲመለስ ካቆማችሁበት አትቀጥሉ፤ ካቢኔቱ እንደገና ይሥራ፣ ይጠረግ፣ ጓንት ይቀየር። ተከፍቶ የቆየውን ፒፔት ጣሉት። ያሳዝናል፣ ግን ጣሉት።

6. በፋብሪካ ደረጃ

እዚያ በተቻለ መጠን ጠርሙስ አይከፈትም። በጋማ ጨረር የጸዱ ከረጢቶች ከነቱቦአቸው ይመጣሉ፤ ሁለቱን ቱቦ በጋለ ምላጭ ቆርጦ ወዲያው የሚያጣብቅ ማሽን አለ። ፈሳሹ የክፍሉን አየር ሳያይ ያልፋል። አቅም ካለ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

7. ራሳችሁን ፈትኑ

ሴል ሳትጨምሩ ሥራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሥሩት። በሚዲያው ፋንታ ብዙ ዓይነት ጀርም የሚወደውን የአኩሪ አተር መረቅ፣ ቲኤስቢ የሚባለውን፣ አስተላልፉ። 14 ቀን በሙቀት አቆዩትና ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት። አንዱ ጠርሙስ እንኳ ከደፈረሰ ሳትከፍቱ ወደ ኦቶክሌቭ ይመለስ። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው በር እንዳስገባው መዝገቡን ግለጡና ከዚያ በር ጀምሩ።