«ጌት»ን በጎረቤቱ እወቀው

እንግሊዝኛ ስጀምር «ጌት» ማለት «ማግኘት» ነው ብዬ ሸመደድኩ። አንድ ቀን አስተማሪዬ አንድ ነገር አስረድቶኝ ሲያበቃ «ዲድ ዩ ጌት ኢት?» አለኝ። ጠረጴዛው ስር አጎንብሼ መፈለግ ጀመርኩ። ለካ «ገባህ?» ማለቱ ነው!

ከዚያ ወዲህ ቃሉን ብቻውን አላየውም፤ ቀጥሎ የመጣውን አያለሁ። ዕቃ ከመጣ ማግኘት ወይም መቀበል ነው፤ «ጌት ኤ ሌተር» ደብዳቤ ደረሰው። ቦታ ከመጣ መድረስ ነው፤ «ጌት ሆም» ቤት ገባ። ሁኔታን የሚገልጽ ቃል ከተከተለው ደግሞ ለውጥ አለ ማለት ነው። «አይ አም ታየርድ» ደክሞኛል፤ «አይ አም ጌቲንግ ታየርድ» ግን ድካሙ ገና እየመጣብኝ ነው።

አስቸጋሪዎቹ ትንንሾቹ ተከታዮች ናቸው። «ጌት አፕ» መነሳት፣ «ጌት አሎንግ» መስማማት። መኪና ውስጥ ለመግባት «ጌት ኢን»፣ አውቶቡስ ላይ ለመሳፈር «ጌት ኦን»። እነዚህን ከነምሳሌያቸው መያዝ ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

ደግሞ አንማረር። እኛስ ታክሲም ቀጠሮም «እንይዝ» የለም እንዴ?